ጉንዳኖቹ ከእኔ ቀድመው አወቁ

ይህን የምጽፈው ጥም ለማይለቀው ሰው ነው። ጠጥተህ ጠጥተህ ካልረካህ፣ ለሽንት ደጋግመህ ከተነሣህ፣ ሳትጾም ቀበቶህ ከሰፋህ፣ እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበኝ። ግራ እግሬን ላጣ ስል የደረሰብኝን እነግርሃለሁ። እግሬ አሁንም ከእኔ ጋር ነው፤ ጣቶቹ ግን ሙሉ አይደሉም። እንዴት እንደ ጎደሉ ስትሰማ ብትስቅብኝ አልቀየምህም፤ እኔም ስስቅ ነው የምውለው። ስስቅ ግን ወደ እግሬ እያየሁ ነው።

ስሜ ተክሌ ነው። የመንዝ ሰው ነኝ፤ መቀሌ የገባሁት ጠጉሬ ገና ጥቁር ሳለ ስለሆነ አገሬው «ኣቦይ ተክለ» ብሎ ተቀብሎኛል። ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ በአማርኛ አቤት ማለት ለሚቸግረው ሁሉ አቤት እልለታለሁ። የሰውን አቤቱታ ስጽፍ የኖርኩት ሰውዬ የገዛ ገላዬ አቤት ሲል አልሰማሁትም። ጆሮዬ ደኅና ነበር፤ ሥራ የበዛበት አፌ ነው።

ጣልያን ሲወጣ ጥሎ ከሄዳቸው ዕቃዎች አንዱ የጋዞዛ መሥሪያ መኪና ነበር። በመኪናው ላይ ሲያገለግል የኖረው እንድሪስ የሚባል የወሎ ሰው ይዞት ቀረ። ጋዞዛ ለማያውቅ ሰው ልንገረው፦ ስኳርና ሎሚ የገባበት ውሃ ነው፤ መኪናው ጋዝ ይነፋበትና ሲፍለቀለቅ ወፍራም ጠርሙስ ውስጥ ይታሰራል። መክደኛው ጠርሙሱ አንገት ላይ የተቀረቀረች የብርጭቆ ብይ ናት። በአውራ ጣትህ ስትጫናት ወደ ውስጥ ትወድቃለች፣ ጠርሙሱም ሸክም እንዳወረደ ሰው ይተነፍሳል። ስትጠጣው አፍንጫህን ይነዝርሃል፣ ዐይንህ እንባ ያቀርራል። እንድሪስ አልፎ አልፎ የብርቱካኑንም ይሠራ ነበር፤ ጣልያኖቹ አራንቻታ የሚሉትን፣ እንደ ሸክላ የቀላውን። አራንቻታ የተገኘ ቀን የእኔን የእጅ ጽሑፍ ማየት ነበር፤ ፊደሉ ሁሉ ይጨፍራል።

ጠላ አልቀምስም ነበር፣ ጠጅም አልደፍርም። በዚህም እኮራ ነበር። ሰው በበዓል ማግስት ራሱን ይዞ ሲያቃስት እኔ ጠርሙሴን ከቀለሙ ብልቃጥ ጎን አቁሜ እንደ መነኩሴ አየው ነበር። በጾምም አልተውኩትም፤ ሰዓቱ ይድረስ እንጂ ላምም ዶሮም አልገባበትም እያልኩ።

«ጋሽ ተክሌ፣ ዛሬ ስንተኛዎ ነው?» ይለኛል እንድሪስ።

«የመጀመሪያዬ።»

«ከዙህር ሶላት ወዲህ ማለትዎ ነው?»

«አንተ ሻጭ ነህ ወይስ መርማሪ?»

«ኧረ እኔስ ሻጭ ነኝ። ግን በቅሎም እንዲህ አትጠጣም፣ ወላሂ።»

አንድ ቀን ስለ ወሰን ክርክር የምጽፍለት ባለጉዳይ ፊቴ ተቀምጦ ሲናገር፣ እኔ በጽሑፉ ተመስጬ ብዕሬን ከቀለሙ ይልቅ ጋዞዛው ውስጥ ስነክር ቆየሁ። ወረቀቱ ሁሉ ተጨማለቀ። ደርቆ ሲያልቅ ሰውዬው አጥፎ ኪሱ ከተተውና በነጋታው ዳኛው ፊት ዘረጋው። ከወረቀቱ እጥፋት ውስጥ ጉንዳን በሰልፍ ወጣ። ዳኛው «ይህ ሁሉ ምስክር ነው?» አሉ ተብሎ ከተማው ሲስቅ ሰነበተ። እኔም ሳቅሁ። ጉንዳን ስኳር ያለበትን እንደሚያውቅ ያን ቀን በዐይኔ አይቼ፣ ኋላ ከቤቴ ግድግዳ ሥር ሲመጣ ግን ነገሩን አላገናኘሁትም። ይህን ልብ አድርገህ ያዝልኝ።

በዚያው ዓመት ክረምት ጥሙ መጣ። የቀድሞው ጥሜ የምላስ ነበር፤ ይሄኛው ከአጥንት ውስጥ የሚነሣ ነበር። ጋዞዛ ስጠጣ ለአፍታ ይተኛል፣ ከዚያ ከበፊቱ ብሶ ይነሣል። እኔም በጋዞዛ አስተኛዋለሁ። ከጓሮ ግድግዳ ሥር ለሽንት መመላለስ ሥራዬ ሆነ። እበላለሁ፣ እከሳለሁ። ፊደሎቹ ጭራ እያወጡ «ሰ» እና «ለ» መለየት አቃተኝ። እግሬ ደግሞ ጥጥ የረገጠ ይመስለው ጀመር።

ባለቤቴ ለተብርሃን የዚሁ የመቀሌ ልጅ ናት። ከቤት ወጥቼ በገባሁ ቁጥር ስታየኝ ከረመችና አንድ ቀን ቁርጡን ነገረችኝ።

«አንታ፣ ኮሶ ነው የያዘህ። እየበላ የሚከሳ ሰው ኮሶ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

ኮሶ ጠጣሁ። መራራውን ለማስረሳት ጋዞዛ አስከተልኩበት። ሆዴ ታጠበ፣ ትል ግን አልወጣም። ከወር በኋላ ደግመን ጠጣን፤ «ጠጣን» ማለቴ እኔ ጠጣሁ፣ እሷ ቆማ አየች። ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ለሥራ ወጣ ብሎ ነበርና ያገኘሁት ሀብቱ የሚባለውን አስታማሚ ነው፤ ከጣልያን ጦር ጋር ሲዞር ቁስል ማሰር የተማረ ጎበዝ ሰው። ግንባሬን ዳሰሰ፣ ምላሴን አየና «ወባ ነው» አለ። ኪኒን ሰጠኝ። ኪኒንም ይመራል። ምን እንዳስከተልኩበት ሳትጠይቀኝ ታውቃለህ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ከጓሮው ግድግዳ ሥር የጉንዳኑ ሰልፍ እየወፈረ ሄደ። ለተብርሃን አመድ ነሰነሰችበት፤ አመዱን ዞረው መጡ። የፈላ ውሃ ደፋችበት፤ በማግሥቱ ከሌላ ቀዳዳ መጡ።

«እዋይ፣ ይሄ ጉንዳን ምን ሸትቶት ነው?» አለች።

«ሞቴ ነዋ፣» አልኳት እየሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ሰውነቴ ሲያልቅ ጠበል ገባሁ፤ በዓይናለም በኩል ወጣ ብሎ ያለ፣ በመልአክ ስም የሚጠራ ምንጭ ነው። ሱባኤው ሁለት ሳምንት ነበር፤ ምግቡ ጥሬ ሽምብራ፣ መጠጡ ጠበል ብቻ። እኔ ግን ኃጢአቴን ልናዘዝ፦ በቅል ጋዞዛ ደብቄ ገብቼ ነበር። ጋዙ ወጥቶ የሞተ ስኳር ውሃ ሆኖ ነበር፤ ቢሆንም እየዞርኩ ተጎነጨሁት። በሁለተኛው ቀን አለቀ። እንግዲህ እዚያ ላይ ነው ስለቴን የተሳልኩት። ሌላው ሰው ጧፍ ይሳላል፣ ጥላ ይሳላል። እኔ «መልአኩ ሆይ፣ ከዚህ ጥም ብታወጣኝ ለማኅበርህ ሁለት ሣጥን ጋዞዛ አገባለሁ» አልኩ። አጥማቂው አባ በድንጋጤ አዩኝ።

«ልጄ ተክለ፣ ጋዞዛ?»

«አባ፣ ሰው የሚወደውን ነው የሚሳለው።»

በአራተኛው ቀን ጥሙ ቀለል አለ። በስምንተኛው እንደ ሰው መተኛት ጀመርኩ። በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ ዐይኔ ጠርቶ ከአባ መጽሐፍ ላይ ፊደል ለየሁ። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ከቅሌ የለየኝ እሱ ነው። የምነቅፈው ራሴን ነው፤ ቅሉ ያለቀበትን ቀንና ጥሙ የረገበበትን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየሁማ። የሰው ወሰን ስንት ክንድ እንደገፋ ለክቼ የምጽፈው ሰውዬ!

ወጣሁና ስለቴን አገባሁ። ሁለት ሣጥን ሙሉ፣ አንዱ አራንቻታ። እንድሪስ ራሱ በአህያ ጭኖ አደረሰልኝና «አብሽር ጋሽ ተክሌ፣ እንኳን ዳኑ» ብሎ አጠገቤ ቆመ። ማኅበርተኛው በዛፍ ጥላ ተደርድሮ ብይ እየገፋ ተሳሳቀ። ስለት ያገባ ሰው ደግሞ ካገባው ሳይቀምስ አይነሣም፤ ነውር ነው፣ ስለቱ የቆጨው ይመስላል። ቀመስኩ። አንዱ «ለእኔም ጤና» ብሎ ጨመረልኝ፣ ሌላውም እንዲሁ። የዳንኩበት በዓል ነውና እምቢ ብል ማን ሊያምነኝ? እውነቱን ለመናገር እምቢ አላልኩም።

ጥሙ በሳምንት ውስጥ ተመለሰ፤ አሁን ግን ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው ሳያንኳኳ ነው የገባው።

አፈርኩ። ጠበል ያዳነው ሰው ታመመ መባልን ፈራሁ። ሰው እያየኝ እንዳልጠጣ ብዬ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ፤ መንገደኛ ጠጠር አፉ ውስጥ ይዞ ጥም እንደሚያታልል አውቅ ነበርና እኔ የጋዞዛዋን ብይ ልይዝ አሰብኩ። ብይቱ ደግሞ ጠርሙሱ ካልተሰበረ አትወጣም። ጠርሙስ የእንድሪስ ነው፤ መስበር አይፈቀድም። ለተብርሃን ገበያ በሄደችበት ቀን ከጓሮው ድንጋይ ላይ አንዱን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰበርኩ፣ ስብርባሪውን በባዶ እግሬ ወደ ጥግ ገፋሁ፣ ብይቱን አጥቤ ጉንጬ ውስጥ ከተትኩና እንዳልተያዘ ሌባ ኮርቼ ወደ ቤት ገባሁ። አልጋው ጫፍ ተቀምጬ የማላውቀውን ደስታ ደስ አለኝ።

ለተብርሃን ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። ዘንቢሏን አላወረደችም።

«ማነው የቆሰለ?»

ወለሉን አየሁ። ከጓሮ በር ጀምሮ ቀይ ዱካ አለ፤ ድፍን የእግር ቅርጽ፣ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ዶሮ ያረደ ሰው አለ ወይ ብዬ አሰብኩ። ብይቱ አፌ ውስጥ ስላለች መናገር አልቻልኩም፤ ተነሥቼ ዱካውን ከጓሮ ጀምሬ ተከተልኩት። በጠረጴዛው በኩል ዞረ፣ በማሰሮው አጠገብ አለፈ፣ ወደ አልጋው ሄደ። አልጋው ጫፍ ላይ አለቀ። እኔ ከተቀመጥኩበት።

ግራ እግሬን አነሣሁ። የጠርሙስ ስባሪ፣ የጣት ኩርማን የሚያህል፣ ከትንሿ ጣቴ ሥር እስከ መጨረሻው ገብቶ ቆሟል። ለተብርሃን ስትነቅለው እያየሁ ነበር። አላመመኝም። በሕይወቴ ብዙ ነገር አሞኛል፤ የዚያን ቀን አለማመሙን ያህል ግን ያስፈራኝ ነገር የለም።

በሳምንቱ ቁስሉ ጠቆረ። መሽተትም ጀመረ። በእንድሪስ አህያ ተጭኜ ሐኪም ቤት ገባሁ፤ ስለቴን የተሸከመችው አህያ እኔንም ተሸከመች።

ከሐኪሙ ክፍል ውጭ ግድግዳውን ተከትሎ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አይነጋገርም፣ በሩን ያያል። ከጎኔ አንዲት ሴት የወንድ ጫማ አንዱን እግር ብቻ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ እቅፏ ውስጥ ይዛ ተቀምጣለች። እኔ መቼም አፌ አያርፍም።

«እመይቴ፣ የዚህ ጫማ ወንድሙ የት ጠፋ?»

ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። «ውስጥ ነው፤ ባለቤቴ አድርጎታል። ይሄኛውን ወደ ቤት ውሰጂ፣ ከእንግዲህ አያስፈልገውም አሉኝ።»

ከዚያ በኋላ እኔም በሩን አየሁ።

ሐኪሙ ጣልያኖቹ ሲሄዱ የቀረ ሽማግሌ ነው፤ ሁሉም «ዶቶሬ» ይለዋል። ያስተረጎመልን ያው ሀብቱ ነበር። ዶቶሬ እግሬን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ፤ የነካኝን ያወቅሁት በዐይኔ ስላየሁ ነው። ከዚያ ቀና አለ።

«ምን ትጠጣለህ ይልሃል፣» አለኝ ሀብቱ።

«ውሃ።»

«ሌላስ?»

«ጠበል።»

ለተብርሃን ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ዶቶሬ ሽንቴን በብልቃጥ ተቀበለና ከሌላ ብልቃጥ ሰማያዊ መድኃኒት ጨመረበት፣ በአልኮል መብራት እሳት ላይ ያዘው። ሰማያዊ ነበር፣ እንደ ጥምቀት ሰማይ። አረንጓዴ ሆነ። ቢጫ ሆነ። ዶቶሬ ከእሳቱ አላነሣውም። ከዚያ ከሥሩ ጀምሮ ቀላ፣ ደፈረሰ፣ እንደ ሸክላ ሆኖ ቆመ። ቀለሙን ከየት እንደማውቀው ለማስታወስ ብዙ አልፈጀብኝም። የእንድሪስ አራንቻታ ነበር።

«ስኳር ነው፣» አለ ሀብቱ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። ወባ ያለኝን አስታውሶ ይመስለኛል ዐይኔን አላየኝም። «የምትበላውን ስኳር ገላህ መጠቀም አቅቶታል፣ በሽንትህ ይጥለዋል። ውሃህንም አብሮ ይጎትታል፤ ጥሙ ከዚያ ነው። እግርህም የደነዘዘው ከዚያ ነው። ጣፋጭ ነገር ትጠጣለህ ወይ ብሎ ደግሞ ይጠይቅሃል።»

«አልጠጣም፣» አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ጉንዳን ይመጣል፣» አለች ለተብርሃን ከበሩ።

ሀብቱ ዞረ።

«ከሚሸናበት ግድግዳ ሥር። አመድ ነሰነስኩ፣ ውሃ አፈሰስኩ፣ ይመጣል። ጋዞዛ ነው የሚጠጣው፤ ከጠዋት እስከ ማታ። ስለቱም ጋዞዛ ነበር።» ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ወሰደች። «ሞቴ ነው የሸተተው ብሎ ሳቀብኝ።»

ሀብቱ ሲያስተረጉም ዶቶሬ አልሳቀም። ፍርዱ እንዲህ ነበር፦ ለዚህ በሽታ የሚወጋ መድኃኒት አለ፣ እሱ ዘንድ ግን የለም። የጠቆሩት ሁለት ጣቶች ዛሬውኑ ይቆረጣሉ። ከዚያ ዐሥራ አምስት ቀን ይሰጠኛል። ጋዞዛ የለም፣ ማር የለም፣ በሻይ ስኳር የለም፣ እንጀራም በልክ። ጥቁሩ ቆሞ ቁስሉ ከቀላ እግሬ የእኔ ነው። ጥቁሩ ወደ ላይ ከወጣ ከጉልበት በታች ይሄዳል። ከአግዳሚው ወንበር ላይ የነበረችው ሴት ታየችኝ፤ ለተብርሃን የእኔን ጫማ እንዲያ አቅፋ ታየችኝ።

ጣቶቼን ስላጣሁበት ቀን ብዙ አልጽፍም። ያልኩት አንድ ነገር ቢኖር «ዶቶሬ፣ የምጽፍበትን እጅ እንዳትሳሳት» ነው፤ ሀብቱ አላስተረጎመልኝም።

ከዚያ ዐሥራ አምስቱ ቀን። ለተብርሃን ቁስሉን ጠዋትና ማታ አሞሌ ጨው በሟሟበት በፈላ ውሃ ታጥበዋለች፣ ከሐኪም ቤት የሰጡኝን ነጭ ዱቄት ትነሰንስበታለች። ጎመንና ምስር፣ ጎመንና ባቄላ። ሊጠይቀኝ የመጣ ዘመድ ሁሉ እንደ ወጉ ማር ይዞ ይመጣል፤ እሷ በር ላይ ተቀብላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትልና ማሩን ከቤት ሳታስገባ ለጎረቤት ትሰጣለች። ሰው ተቀየመ፤ «የሸዋው ሰውዬ ማራችንን ናቀ» ተባለ። እሷ ግድም አልሰጣት። እኔ ግን ጥሙ ሲነሣ ክፉ ሰው ነበርኩ፤ የማልጽፈውን ተናግሬያታለሁ። ስትሰማኝ ቆይታ «ጨረስክ? እግርህን አምጣ» ትለኛለች።

በስድስተኛው ቀን እንድሪስ መጣ። ጠርሙስ ይዟል። ለተብርሃን በሩ ላይ ቆመች።

«ሕራይ እንድሪስ፣ ጀመርክ?» አለችው። «ገዳዩ መጣህ?»

«እስቲ ይስሙኝ እቴቴ። የዓይናለም ውሃ ብቻ ነው። ጋዙን ነፋሁበት፣ ስኳሩን ተውኩት።» ብይቱን ገፋ፣ በመዳፉ አፈሰሰና አስቀድሞ ራሱ ቀመሰ። «ወላሂ ምንም የለውም። ጨው እንኳ የለውም።»

ጠጣሁ። አፍንጫዬን ነዘረኝ፣ ዐይኔ እንባ አቀረረ። ጣዕም የሚባል ነገር የለውም፤ ጥርስ የሌለው ሰው እንደሚሰድብህ ዓይነት ነው። ሆኖም ጠርሙሱ ሲተነፍስ ሰማሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው አንድ ያመጣልኝ ነበር፣ በየማለዳውም አስቀድሞ በመዳፉ ይቀምስ ነበር። መኪናውን ለእኔ ብሎ በአዲስ ውሃ እያጠበ ነው የሚነፋው። ጠርሙስ መስበሬን ነግሬዋለሁ። «አውቄአለሁ፤ የስብርባሪው ድምፅ እኮ ገበያ ተሰምቷል» አለኝ። ውሸቱን ነው፤ ለማጽናናት ነው።

በዐሥራ አምስተኛው ቀን ዶቶሬ ጨርቁን ፈታ። ለተብርሃን ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ የሐኪሙን ፊት አየሁ፤ ለሠላሳ ዓመት የዳኛ ፊት ሳነብ ኖሬአለሁና። ቁስሉን ጫን አደረገ።

«አይይ!» አልኩ።

«ምን አለ?» አለ ዶቶሬ።

«አመመው፣» አለ ሀብቱ፣ በሁለት ቋንቋ እየሳቀ። «አመመው!»

ለተብርሃን ከግድግዳው ሳትዞር ማልቀስ ጀመረች። ዶቶሬ ቁስሉ ቀልቷል፣ እግሬ ይቆያል አለ። ሲያሰናብተኝ ግን ጣቱን ቀስሮ የተናገረውን ሀብቱ ቃል በቃል ነገረኝ፦ «ይሄ በሽታ አልሄደም። ተቀምጧል። አንተ ስትረሳው ይነሣል።»

ይህን ከሰማሁ ሁለት ክረምት አልፏል። ጠረጴዛዬ ከቦታው አለ፣ ብዕሬም ከቀለም በቀር ሌላ አይቀምስም። ወንድሜ አንባቢ፣ የእኔን ስሕተት አትድገም፤ ጥምህን በጣፈጠ ነገር አታስተኛ፣ ሐኪም ምን ትጠጣለህ ሲልህ እውነቱን ንገረው፣ እግርህን በየቀኑ በዐይንህ እይ፤ እግርህ ላይናገር ይችላል። እኔ ግን ራሴን አላምነውምና ከዚህ ሌላ አንድ ሥራ አለብኝ፦ በየማለዳው ብይቷን ጉንጬ ውስጥ ይዤ ወደ ጓሮው ግድግዳ እሄዳለሁ፣ ትናንት የሸናሁበትን ቦታ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ለተብርሃን ከውስጥ ትጠይቀኛለች፤ በየማለዳው ጥያቄዋ አንድ ነው።

«መጡ?»

በየማለዳው «አልመጡም» እላታለሁ። ባለፈው እሑድ የአክስቷ ልጅ ሰርግ ነበር። ትንሽ ብርጭቆ ብርዝ ቀርቦልኝ ነበር። ትንሽ ናት፤ ማር በውሃ ነው። ሙሽራዋ ራሷ ናት የሰጠችኝ፤ እምቢ አላልኩም።

ዛሬ ጠዋት ጎንበስ ስል አንዲት ጉንዳን አየሁ። አንድ ብቻ። በእርጥቡ አፈር ጠርዝ ቆማ ጭንቅላቷን ወዲህና ወዲያ ታወዛውዛለች። መንገደኛ ትሆናለች። ወይ ቀድማ የተላከች።

«አንታ፣ መጡ?» አለች ለተብርሃን።

ብይቷን ከጉንጬ አወጣሁና እጄ ውስጥ ያዝኳት። ጉንዳኗ ወደ ቀዳዳው መንገድ ጀመረች።

«ነይ፣» አልኳት። «ነይና አብረን እንያት።»